ወፍ ለማየት አምስት ቀን?



የግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ሲቃረብ ለሰፈራችን ወጣቶች አንድ ሐሳብ አቀረብን። አምስት ቀን፣ አንድ ሚኒባስ፣ አንድ አስጎብኚ፤ ዓላማው ወፎችን ማየት። ወሬው ቀራንዮ ውስጥ ሲዳረስ ከአባቶች የመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ወፍ ለማየት አምስት ቀን? እዚህ ወፍ ጠፋ እንዴ?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዘይትና ጤፍ በዚህ ዋጋ በሚሸመቱበት ጊዜ ለነዳጅና ለአስጎብኚ ገንዘብ ማዋጣት ምክንያት ይፈልጋል። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ምክንያቱን ለመናገር ነው። ስንነሳ በእጃችን የነበረውንም፣ ተራራው ላይ ያገኘነውንም።

እኛ ስንል በአንድ የቀራንዮ መስጂድ ኢማሙን የምናግዝና ማታ ማታ የምናስቀራ ሁለት ኡስታዞች፣ ከ16 እስከ 22 ዓመት ከሆናቸው ስምንት ልጆች ጋር ነን። እረፍት ሲመጣ እነዚህ ልጆች የት እንደሚውሉ እናውቃለን። ጠዋት እንቅልፍ፣ ከዙህር በኋላ ስልክ፣ ከዐስር በኋላ ኳስ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ጫት ቤት። ሲገናኙም የሚያወሩት አንድ ነገር ነው፤ መሄድ። ማን ሄደ፣ በየት በኩል ሄደ፣ ስንት ከፈለ፣ ደረሰ ወይስ አልደረሰም። ይህን ወሬ በምክር ብቻ ማቆም እንደማይቻል ከረጅም ጊዜ በፊት አውቀናል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱ ከኪሱ አጠራቀመ፤ ጥቂት ነጋዴ ወንድሞችም ጎደሎውን ሞሉልን።

ለምን ወፍ? ለምንስ በዚህ ወቅት?

እኛ በጋ የምንለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለአውሮፓና ለሰሜን እስያ የበረዶ ወቅት ነው። ሐይቁ ይረጋል፣ ነፍሳት ይጠፋሉ፣ ቀኑ ያጥራል። ወፎቹ እዚያ ቢቆዩ የሚበሉት አያገኙም። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ወደ ደቡብ ይነሳሉ። ከሚያርፉባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ለመራባት ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ወፎቹን ተከትለው ሰዎችም ይመጣሉ። በዚሁ ወቅት ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚነሱ ቡድኖች በአስጎብኚ እየተመሩ ሁለት ሦስት ሳምንት አገራችንን ይዞራሉ፤ ሌላ ጉዳይ የላቸውም፣ ወፍ ሊያዩ ነው። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 30 ገደማ የሚሆኑት እዚህ ብቻ፣ ወይም እዚህና ኤርትራ ብቻ የሚገኙ ናቸው። በርካቶቹን ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜኑን የአገራችንን ክፍል የዞረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። አያቶቻችን ግን ከእሱ በፊት ያውቋቸው ነበር። ወሎ፣ ስልጤ፣ ጉራጌ ያሉ አያቶቻችን የትኛው ወፍ ዝናብ እንደሚያበስር፣ የትኛው ማሽላ እንደሚጨርስ ይነግሩናል። እኛ የከተማ ልጆች ግን ከቁራ፣ ከርግብና ከጭልፊት አልፈን ስም የለንም። ሁሉም «ወፍ» ነው።

ከጣሪያችን ጀመርን

አባቶች «እዚህ ወፍ ጠፋ እንዴ?» ያሉት እውነት ኖሯቸው ነው። አስጎብኚያችን ጉዞውን የጀመረው ከመስጂዱ ጣሪያ ነበር። ከሱብሒ ሰላት ወጥተን ሚኒባሱ ሳይነሳ ቀና ብለን እንድናይ ነገረን። ቆርቆሮው ጫፍ ላይ አመድማ ርግቦች ተደርድረዋል። ማጅራታቸው ላይ ነጭ ጥምጥም የመሰለ ምልክት አላቸው። «ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዓለም የለችም» አለን። «እሷን ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎችን ይዤ ዞሬአለሁ።» ቀጥሎ ሥጋ ቤቱ አጥር ላይ ወደተቀመጠው ቁራ ጠቆመን። መንቆሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው፣ ዕለት ዕለት የምናባርረው ቁራ ነው። እሱም የእኛው ደጋ ልጅ ነው።

ልጆቹ ተያዩ። ገና ከቀራንዮ አልወጣንም።

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከከተማው መሃል 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለከተማችን የመጠጥ ውሃ እንዲሰጥ የተሠራ ግድብ ነው። ከቧንቧው የጠጣን ብዙዎች ነን፤ ዳርቻው ላይ ቆሞ ያየው ግን ከስምንቱ ልጆች አንድም አልነበረም። ሰማያዊ ክንፍ ዝይ እዚያ ሣር ስትግጥ አገኘናት። አመድማ ናት፣ አንገቷ አጭር፣ ላባዋ ለደጋ ብርድ የተሠራ ወፍራም ነው። ስትነሳ ብቻ የክንፏ ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የላትም።

አስጎብኚው አስቀድሞ ባይኖኩላር መያዝ አስተማረን። ወፉን መጀመሪያ በዓይንህ ያዝ፤ ዓይንህን ሳትነቅል መነጽሩን ወደ ዓይንህ አምጣ። መነጽሩን አስቀድሞ ያነሳ ሰው ሰማይ ለሰማይ ሲፈልግ ይውላል። ደማቅ ልብስ አትልበስ፣ አትሩጥ፣ አትጩህ፣ ጎጆ አጠገብ አትቁም። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወትክ አትጥራው፤ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ሥራውን ትቶ ይረበሻል።

ውሃው መሃል መንቆራቸው እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬዎች ነበሩ። ከልጆቹ አንዱ ሲበሩ ለመቅረጽ ብሎ ጠጠር አነሳ። አስጎብኚው እጁን ያዘና በረጋ ድምፅ ነገረው፦ «እነዚህ ከሩቅ ሰሜን የመጡ ናቸው። አሁን የሚበሉት ለመመለሻ ስንቅ ነው። ባስነሳኻቸው ቁጥር ከስንቃቸው ትቀንሳለህ።» ጠጠሩ ከእጁ ወደቀ። አጠገባችን በሚግጡት ላሞች እግር መካከል ደግሞ ሆዷ ቢጫ፣ ጅራቷን ላይ ታች የምታርገበግብ ትንሽ ወፍ ትሮጥ ነበር፤ ላሞቹ ሲራመዱ ከሣሩ የሚነሱትን ነፍሳት ትለቅማለች። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። የመጣችው ግን በረሃና ባሕር አቋርጣ ነው።

በዚያው ቀን ከወጨጫ ተራራ ሥር ወዳለው የመናገሻ ሱባ ጫካ ሄድን። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። በዚህ አገር ሰው ደን የሚቆርጥ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ቦታ ነው። ጫካ ውስጥ ዓይን ብዙ አይጠቅምም፤ ጆሮ ነው የሚሠራው። አሥር ደቂቃ ማንም እንዳይናገር፣ ስልክም እንዳይወጣ ታዘዝን። ለአንዳንዶቹ ልጆች ከሰላት ውጪ አሥር ደቂቃ ዝም ብለው የቆዩበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ዝምታው ሲረጋ ጫካው መናገር ጀመረ። ከጉሬዛዎቹ በላይ፣ ዝግባው ላይ፣ አረንጓዴ አካል፣ ጉንጩ ነጭ፣ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ የሆነ ቱራኮ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሄደ። ማንም አልጮኸም። «ሱብሐነላህ» እንኳ በሹክሹክታ ነበር።

በሐይቁ ዳር

በማግስቱ 160 ኪሎ ሜትር ተጉዘን የቀድሞዋ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ ገባን። አገራችን የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር አላት። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳዎች መላጣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ሽማግሌ ተራ ይጠብቃሉ። ፔሊካኖች ጀልባዎቹን ይከተላሉ። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አጥማጅ ንስር ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮኽ ከውሃው ማዶ ይሰማል።

ከሁሉም በላይ የቀረችን ግን ትንሿ ናት። ሣሩ ላይ ቀጭን ረጅም መንቆሯን እየሰካች ትል የምታወጣ፣ ክንፏ ጥቁርና ነጭ፣ አናቷ ላይ ጉትዬ የምትዘረጋ ወፍ አየን። አስጎብኚው ስሟን ከመናገሩ በፊት ሱረቱ ነምልን በቃሉ የያዘውን ልጅ አየው። «አንተ ታውቃታለህ» አለው። «ሁድሁድ ናት።» ልጁ የነቢዩላህ ሱለይማንን ሁድሁድ ታሪክ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ቀርቷል። ወፏን ግን አይቷት ሊሆን ይችላል እንጂ አውቋት አያውቅም። ለረጅም ጊዜ ከሣሩ አልተነሳም።

ያን ማታ ከዒሻ በኋላ ስለ አድ-ደሚሪ አወራን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ የኖረ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህ ነው። «ሐያቱል ሐየዋን» የተባለው መጽሐፉ እንስሳትንና ወፎችን በፊደል ተራ ዘርዝሮ ስማቸውን፣ ጠባያቸውን፣ ሰዎች ስለ እነሱ የሚሉትን፣ ሥጋቸው ሐላል ወይም ሐራም መሆኑን ይጽፋል። ወፍ ማወቅ የሥራ ፈት ሥራ ቢሆን ኖሮ ያን የሚያህል ዓሊም ዕድሜውን አይሰጠውም ነበር።

አቢያታ ሐይቅ ላይ ግን ደስታው ቀዘቀዘ። ሐይቁ ለፍላሚንጎዎቹ የታወቀ ነው፤ ዳርቻው ግን ሸሽቷል። ቡልቡላ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚያመጣው ውሃ ብዙው ለመስኖ ይወሰዳል። ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የሚገባለት ሲቀንስ ይደርቃል። በነጭ ጭቃ ላይ ብዙ ከተጓዝን በኋላ ውሃው አሁንም ሩቅ ነበር። ፍላሚንጎዎቹ እንደ ሮዝ መስመር ይታያሉ። አንዱ ልጅ «ውሃው ካለቀ የት ይሄዳሉ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ሐይቅ ካለ ወደ ሌላ ሐይቅ።

ሳነቲ

ሻሸመኔን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ስንደርስ መሽቷል። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ትንሽ ከተማ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ የአካባቢው አስጎብኚ ተቀላቀለን፤ በልጅነቱ እዚያው ሜዳ ላይ ከብት ይጠብቅ የነበረ፣ ዛሬ ጉጉቶቹ የትኛው ዛፍ ላይ ቀን እንደሚተኙ የሚያውቅ ሰው ነው። ጥድ ሥር አቁሞን ወደ ላይ ጠቆመ። አምስት ደቂቃ ምንም አላየንም። ከዚያ ቅርፊት የመሰለን ነገር ዓይኑን ገለጠ።

ልጆቹ ስለ ሥራው በጥያቄ አጣደፉት። በወቅቱ እንግዶችን ይመራል፣ ሌላውን ጊዜ ገብስ ያርሳል። የወፎቹን ስም በአፋን ኦሮሞ ከአባቱ፣ በእንግሊዝኛ ከእንግዶቹ ተማረ። «ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ይህ ሜዳ አስተማረኝ» አለ። ልጆቹ ሲሰሙት ከእኛ ምክር ይልቅ በጥሞና ሰሙት።

በአራተኛው ቀን ከጎባ በላይ ወደ ሳነቲ አምባ ወጣን። ከፍታው 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከአምባው የሚነሳው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ጅባራው እንደ ዘብ ቆሟል። በዓለም ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው፤ አንዱ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድብቶ ነበር። የባሌው ትልቅ ፍልፈል ከባሌ ውጪ የለም። ከጉድጓዱ አፍ አንዲት ቡናማ ወፍ አትለይም፤ ፍልፈሉ ሲቆፍር የሚወጡትን ነፍሳት ትበላለች፣ ጠላት ሲመጣ ቀድማ ትጮኻለች። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዷ ትጠብቃለች።

ፀሐይ ስትሞቅ ትልልቅ ንስሮች ከሸለቆው እየዞሩ ተነሱ። ክንፋቸውን አያርገበግቡም፤ የሞቀው አየር ያነሳቸዋል። አስጎብኚው እንዲህ አስረዳን። እነዚህ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ትልቅ ወፍ ባሕር ላይ መብረር ይከብደዋል፤ ከውሃ ላይ የሚያነሳው የሞቀ አየር የለምና። ስለዚህ ባሕሩ ከሁሉም የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋል። በመኸር ወራት በዓረብ ምድር አድርጎ የመን ይደርሳል፤ ባብ ኤል መንደብ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ውሃ ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር በዚያ ወሽመጥ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነበሩ።

ከልጆቹ አንዱ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «ለመሻገር ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል?» አለ።

«አየሩ ከተስማማ አንድ ሰዓት አይሞላም።»

«ወንድሜን ሌሊቱን ሙሉ ነው የፈጀበት» አለ ልጁ።

ታላቅ ወንድሙ በዚያው ውሃ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግሯል። ከየመን አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እኛ ይህን እናውቅ ነበር፤ ልጁ ግን በሰው ፊት ሲናገረው የሰማነው ያኔ ነው። ማንም ምክር አልሰጠም። አስጎብኚው ባይኖኩላሩን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠው። ልጁ ንስሮቹን እስኪጠፉ ድረስ ተከተላቸው። ዙህርና ዐስርን እዚያው ብርድ ላይ አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን፤ ዱዓው ላይ የወንድሙ ስም ተጠራ።

ከሳነቲ ወደ ሐረና ቁልቁል ስንወርድ ደመናው ዋጠን። ከአስታ ቁጥቋጦ ወደ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃ ዛፉ በሙጫ ሽበት ወደተሸፈነበት ጫካ ገባን። ቅርንጫፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ዝቅ ሲል ቡናው በገዛ እጁ በቅሎ ይታያል። ያን ቡና ሪራ ላይ ጠጣን። ብዙ ወሬ አልነበረም።

ይዘን የተመለስነው

አሁን ወደ ምክንያታችን እንምጣ። ልጆቻችንን ከመሄድ ለማስቀረት ወፍ አሳየናቸው ማለት አይደለም። ወፍም ትሄዳለች፤ ለመሄዷ አትወቀስም። ነገር ግን ወፏ ከመነሳቷ በፊት ስንቅ ትይዛለች። በጠባቡ በኩል፣ ነፋሱን አይታ ትሻገራለች። ደግሞም ትመለሳለች። በጨለማ በማያውቀው ሰው ጀልባ የተጫነው ወንድማችን ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። ስለ መሄድ ለሚያወራ ወጣት ከእንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ስንቅህ ምንድን ነው? መንገዱን የሚያውቀው ማነው? መመለሻህስ?

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። እነዚያ ልጆች «እዚህ ምንም የለም» እያሉ ያደጉ ናቸው። አንድ ሰው ስሙን የማያውቀውን ነገር «የለም» ይላል። አምስት ቀን አብሯቸው የዞረው ሰው የሰጣቸው ዓይን ነው። 20 ግራም የማትሞላ ፍጥረት በረሃ አቋርጣ የምትመጣበት አገር «ምንም የሌለበት» ሊሆን አይችልም። ያ ዓይን የእንጀራም መንገድ ነው፤ አገሩን የሚያውቅ፣ ቋንቋ የሚችል፣ ትዕግሥት ያለው አስጎብኚ ሥራ አለው። ከስምንቱ ሁለቱ ቱሪዝም ለመማር እያጠያየቁ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ ብዙ ወጪ የለውም። ከቤታችሁ ጣሪያ ጀምሩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ደብተር ያዙ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን ጻፉ፣ ከዚያ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ሩቅ ስትሄዱ የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ፤ ክፍያው ሜዳውን የሚጠብቀው ሰው ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፍ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ በር ነው። በዓለም ዙሪያም በየዓመቱ ጥር አካባቢ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ የአንድ ሐይቅ መሸሽ በቁጥር የሚታወቀው እንዲህ ያለ ቆጣሪ ሲኖር ነው።

የቀራንዮ ልጆች ደግሞ፦ እስከ መጋቢት ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ወደ ገፈርሳ እንሄዳለን፣ ኢንሻ አላህ። እህቶች ከኡስታዛቸው ጋር በየመሃሉ ባሉት ቅዳሜዎች ይሄዳሉ። የሚኒባስ ሂሳብ ብቻ ያዙ። ባይኖኩላሩ አንድ ስለሆነ ግን ተራ ትጠብቃላችሁ።